አዚናራ ደሴትን በአንድ ቀን ለማየት፦ የግዞተኛ ቤተሰቦች ከመሄዳቸው በፊት ማወቅ ያለባቸው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሮም ነው። በኦገስት እናቴና ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። የእናቴ አያት ከየካቲት 12 በኋላ በጣሊያኖች ተግዘው ባሕር መሀል ያለ ደሴት ላይ ታስረው ነበር ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አዚናራ መሆን አለበት ብለን ወስነናል። ጠዋት ከሮም ተነስተን ማታ መመለስ እንችላለን? መኪና ተከራይተን ደሴቱን በራሳችን ብንዞርስ? አስጎብኚ የግድ ነው? ራስ እምሩና ሐዲስ ዓለማየሁ የታሰሩበትን ክፍል ያሳያሉ? እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። በዚያው ትንሽ ባሕር ዳር ብንውልም ደስ ይለናል።»

መልስ፦ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ደሴቱን ያጣሩ። «ባሕር መሀል ያለ ደሴት» የሚለው የቤተሰብ ወሬ አዚናራን ብቻ አያመለክትም። ፋሺስቶች ኢትዮጵያውያንን ያሰሩባቸው ደሴቶች ከአንድ በላይ ናቸው። አንዱ በቀይ ባሕር፣ ዳህላክ ደሴቶች ውስጥ ያለው ኖክራ ነው። ጣሊያን ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እስር ቤት ያደረገችው፣ ሙቀቱና ጥሙ ብዙ ሰው የፈጀ ቦታ ነው። ሌላው በሮምና በኔፕልስ መካከል ካለው የባሕር ጠረፍ ወዲያ ያለችው ፖንዛ ናት። ሦስተኛው ከሰርዲኒያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ ያለው አዚናራ ነው። ሶማሊያ ውስጥ ያለው የደናኔ ካምፕ ደግሞ ደሴት ባይሆንም ባሕር ዳር ስለነበር፣ በቤተሰብ ትረካ ውስጥ ከደሴቶቹ ጋር ይቀላቀላል። ቅድመ አያትዎ ከአራቱ በየትኛው ነበሩ? ይህ ካልታወቀ እናትዎን ይዘው የሌላ ሰው አያት የታሰረበት ቦታ ሊሄዱ ይችላሉ።

ራስ እምሩና ሐዲስ ዓለማየሁ አዚናራ አልታሰሩም። ይህን ስህተት ደጋግሜ እሰማለሁ። ሁለቱም የተያዙት ከየካቲት 12 በፊት ነው። ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን የሰጡት በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1936 ነው። የተወሰዱትም ወደ ፖንዛ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ፖንዛ፣ በኋላም ሲሲሊ አጠገብ ባለችው ሊፓሪ ቆይተው በ1943 የተባበሩት ኃይሎች ሲደርሱ ነው ነፃ የወጡት። በዚያው ዓመት ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ ታስሮ የተወሰደው ፖንዛ ነበር። ራስ እምሩ የነበሩበት ቤት ውስጥ ነው ያስቀመጡት ይባላል። የእነሱን ዱካ ከፈለጉ መንገድዎ ሌላ ነው፤ ለሮምም ይቀርባል።

አዚናራ የሄዱት ሌሎች ናቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። ከጭፍጨፋው የተረፉ መኳንንት፣ ሹማምንት፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው በመቶዎች እየሆኑ በመርከብ ወደ ጣሊያን ተጫኑ። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ አዚናራ ወረዱ። ስማቸው ጎልቶ የሚታወቀው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ናቸው። ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በዚያው በየካቲት በጣሊያኖች እጅ ተረሽነዋል። እሳቸው ትንንሽ ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚህ ደሴት ተወሰዱ። አገራቸውን ዳግም አላዩም። በ1940 ቱሪን ላይ ነው ያረፉት። ከሌሎቹ ግዞተኞች ብዙዎቹ ግን ግራዚያኒ ተነስቶ የአኦስታው መስፍን ከተተካ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

እንግዲህ እናትዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ። አያታቸው የተያዙት መቼ ነው፣ ከቦምቡ በፊት ወይስ በኋላ? ማዕረግ ነበራቸው? ብቻቸውን ተወሰዱ ወይስ ከነቤተሰባቸው? መቼ ተመለሱ? ከየካቲት በኋላ ተይዘው፣ ማዕረግ ያላቸው፣ ሚስት ወይም ልጅ አብሯቸው የተጋዘ፣ ጣሊያን ገና አገሪቱን ሳትለቅ የተመለሱ ከሆነ አዚናራ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ማዕረግ የሌላቸው፣ አርበኛ ተብለው ወይም በዘፈቀደ ተይዘው የተወሰዱ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኖክራንና ደናኔን ይጠርጥሩ።

ሮም መኖርዎ ትልቅ ጥቅም ነው። ኤውር ሰፈር ያለው ማዕከላዊ የመንግሥት መዝገብ ቤት የግራዚያኒን ሰነዶች ይዟል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የታሪክ መዝገብ ቤትም የድሮውን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ወረቀቶች ያስቀምጣል። አስቀድመው በኢሜይል ይጻፉ፤ የሚፈልጉትን ሰው፣ ዓመትና ምክንያት ይግለጹ። ዓመቱን ሲጽፉ 1929 ሳይሆን 1937 ይበሉ። ስሙን ደግሞ በአንድ አጻጻፍ ብቻ አይፈልጉ። የጣሊያን ጸሐፊ በጆሮው የሰማውን ነው ያሰፈረው። በ«ወ» የሚጀምር ስም በ«ኡ» ፊደል ስር ሊገኝ ይችላል። የ«ሀ» ድምፅ ሊጠፋ ይችላል። «ፊታውራሪ» ወይም «ግራዝማች» እንደ ስም ተቆጥሮ ፊት ሊገባ ይችላል። የአባትን ስም ጨምረው በሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ ይሞክሩ። መልስ ለማግኘት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ይህ ከጉዞው በፊት የሚጀመር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ደሴቱ ልምጣ። አዚናራ ሲደርሱ የሚያዩት እስር ቤት በአብዛኛው ቅድመ አያትዎ የነበሩበት ዘመን እስር ቤት አይደለም። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ቤተሰብ በተሳሳተ ክፍል ፊት ቆሞ ያለቅሳል። ታሪኩ የጀመረው በ1885 ነው። የጣሊያን መንግሥት ደሴቱን ወስዶ በአንድ በኩል የባሕር ላይ ኳራንቲን ጣቢያ፣ በሌላ በኩል እስረኞች መሬት የሚያርሱበት የቅጣት ሰፈር አደረገው። እዚያ ይኖሩ የነበሩ እረኞችና ዓሣ አጥማጆች ተነቅለው ወጡ። አርባ አምስት ቤተሰቦች ማዶ ተሻግረው ዛሬ ጀልባ የሚሳፈሩበትን ስቲንቲኖን መሠረቱ። ቀጥሎ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1915 መጨረሻና በ1916 መጀመሪያ ከሰርቢያ ጦር ጋር በአልባኒያ ተራሮች እየተነዱ የመጡ ከ20 ሺህ በላይ የኦስትሮ-ሃንጋሪ ምርኮኞች እዚህ ተራገፉ። መርከቡ ላይ ኮሌራ ገብቶ ነበር፤ በሺዎች አለቁ።

የኢትዮጵያውያኑ ግዞት ከዚያ በኋላ፣ በ1937 የተጨመረ ምዕራፍ ነው። በዕድሜ አጭር ነው፤ በድንጋይ ላይ የተወውም ምልክት ጥቂት ነው። ዛሬ ቱሪስት የሚጎርፍለት ምዕራፍ ግን የመጨረሻው ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በደሴቱ ደቡብ ጫፍ ፎርኔሊ ያለው እስር ቤት የቀይ ብርጌድ የተባለውን የጣሊያን ግራ ክንፍ ቡድን ታጣቂዎች፣ በኋላም የማፊያ አለቆችን የሚይዝ ከፍተኛ ጥበቃ ያለው ወህኒ ሆነ። የማፊያው አለቃ ቶቶ ሪና ብቻውን የታሰረባት ትንሽ ቤት በሰሜን በኩል ካለችው መንደር ካላ ዶሊቫ አጠገብ አለች። በ1985 ዳኞቹ ጆቫኒ ፋልኮኔና ፓኦሎ ቦርሴሊኖ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ስለነበር ከነቤተሰባቸው እዚሁ ካላ ዶሊቫ ተደብቀው የታላቁን የማፊያ ችሎት ሰነድ አዘጋጅተዋል። መንግሥት ከዚያ በኋላ የቆዩበትን ሒሳብ አስከፍሏቸዋል። እስር ቤቱ የተዘጋው በ1997 ነው። ደሴቱም ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

ፎርኔሊ ስትገቡ የሚታየው የብረት በር፣ ወፍራም ፍርግርግና ጠባብ የመናፈሻ ግቢ በአብዛኛው የዚህ የመጨረሻ ዘመን ነው። «አያቴ እዚህ ነበሩ» ብለው አይደምድሙ። ለ1937ቱ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅምዎት በደሴቱ መሀል ያለው የካላ ሬአሌ አካባቢ ነው። የድሮው የኳራንቲን ጣቢያ ሕንፃዎች፣ የመርከብ ማቆሚያውና ዝቅ ያሉት ረጃጅም ቤቶች እዚያ ናቸው። ባሕሩን እያዩ መቆም ለሚፈልግ ሰው፣ በመርከብ ተጭነው የመጡ ሰዎች ምን ዓይነት ምድር ፊት እንደወረዱ የሚገባው እዚያ ነው። ደረቅ ኮረብታ፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ አንድም ትልቅ ዛፍ የሌለበት ዳገት። ከደጋ ለመጣ ሰው ነፋሱ ብቻውን ይከብዳል።

እዚያው አካባቢ፣ ካምፑ ፔርዱ በሚባለው በኩል፣ በ1936 የተሠራ የአፅም ማረፊያ ቤት አለ። የራስ ቅሎቹ ከመስታወት ጀርባ ተደርድረው ይታያሉ። አንዳንድ ወገኖቻችን የኢትዮጵያውያን አፅም መስሏቸው ሲጨነቁ አይቻለሁ። አይደለም። የኦስትሮ-ሃንጋሪ ምርኮኞቹ ናቸው፤ ቤቱም የተሠራው ኢትዮጵያውያኑ ከመምጣታቸው በፊት ነው። እናትዎ ከመግባታቸው በፊት ይህን ይንገሯቸው። ማየት ካልፈለጉም ውጭ ይቆዩ። ድንገት ለሚያየው ሰው ከባድ ነው።

አስጎብኚ የግድ ነው ወይ? በሕግ አይደለም። በእግር ወይም በብስክሌት በራስዎ መሄድ ይቻላል። ለእርስዎ ጉዳይ ግን አዎ፣ የግድ ነው። ከውጭ የተከራዩትን መኪና ይዞ የመዞሩ ሐሳብ አይሠራም፤ የጎብኚ መኪና ደሴቱ ላይ አይገባም። ደቡብ ጫፍ ላይ ካለው ከፎርኔሊ እስከ ሰሜኑ ካላ ዶሊቫ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጉልበት ለሚያማቸው የ71 ዓመት እናት የሚመቹት አማራጮች እነዚህ ናቸው፦ ከአስጎብኚ ጋር በጂፕ መሄድ ወይም በአውቶቡስና በትንሿ የቱሪስት ባቡር መዞር። ባቡሯ ብዙ ሰው ይዛ በተወሰነላት ሰዓትና ቦታ ስለምትቆም እናንተ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ አትዘገይላችሁም። ጂፑን ይምረጡ። ሰባት ስምንት ሰው ብቻ ይይዛል፤ አስጎብኚውም እንደ ተሳፋሪዎቹ ፍላጎት መንገዱን ትንሽ ማስተካከል ይችላል። ጂፑ ከፍ ያለ ስለሆነ ግን መውጫው ደረጃ ምን ያህል እንደሆነ ጠይቀው፣ እናትዎ ፊት እንዲቀመጡ ከወዲሁ ያስይዙ። መንገዱ ቦታ ቦታ ላይ ይነቀንቃል።

ዋናው ጥንቃቄ ይኸውና። የተለመደው ጉብኝት የሚያተኩረው በማፊያው፣ ደሴቱ በሚታወቅባቸው ነጫጭ አህዮችና በባሕር ዳርቻው ላይ ነው። የ1937ቱን ነገር ካልጠየቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ወይም ጨርሶ አያነሱትም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ለአስጎብኚው ይጻፉ፦ «ቤተሰባችን ከ1937 የኢትዮጵያ ግዞተኞች አንዱ ነው፤ ካላ ሬአሌ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንፈልጋለን፤ ስለዚያ ዘመን የሚያውቁትን እንዲነግሩን እንጠይቃለን» ይበሉ። መልሱን አይተው ይወስኑ። «አዎ፣ የልዕልቲቱን ታሪክ አውቃለሁ፣ እዚህ እዚህ ቦታ እንቆማለን» የሚልዎትን ይያዙ። ስለ አህያ ብቻ የሚጽፍልዎትን ይለፉት። ጉብኝቱ በጣሊያንኛ ከሆነ እርስዎ ወይም ወንድምዎ ለእናትዎ መተርጎም ስለሚኖርባችሁ፣ አስጎብኚው ቆም እያለ እንዲናገር አስቀድመው ይንገሩት። እናትዎ የመጡት ለመስማት ነው።

ከሮም ደርሶ መልስ በአንድ ቀን? አይሞክሩት። ከሮም እስከ ሰርዲኒያዋ ከተማ አልጌሮ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ከአልጌሮ ግን ጀልባ ወደሚነሳባቸው ወደ ስቲንቲኖ ወይም ወደ ፖርቶ ቶሬስ በመኪና መሄድ አለ። ጀልባዎቹና የጂፕ ጉብኝቶቹ ደግሞ ጠዋት ነው የሚነሱት። የመጀመሪያው በረራ ትንሽ ቢዘገይ ጀልባው ያመልጣል፤ ጀልባው ሲያመልጥ ቀኑ አለቀ። ከዚህ የባሰው ነፋሱ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚነሳው ማኤስትራሌ ሲበረታ ባሕሩ ይዘጋል፤ ጀልባ አይወጣም። ማንም ሊከራከረው አይችልም። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣች እናት ለአንድ ቀን ብቻ ታቅዶ ነፋስ ቢነሳ ምን ይባላል? ሁለት ሌሊት ያስቡ። ደሴቱን ለመጀመሪያው ቀን ይያዙ፤ ማግስቱን መጠባበቂያ ያድርጉት።

መነሻው ስቲንቲኖ ይሁን። ከዚያ ፎርኔሊ በጀልባ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከፖርቶ ቶሬስ የሚነሳው መርከብ በቀጥታ ካላ ሬአሌ ማድረሱ ጥሩ ነው፤ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ክፍት ባሕር ላይ ይቆያል። ባሕር ለማያውቅ ሰው ሆድ ያገላብጣል። እናትዎ በመርከብ ሄደው የማያውቁ ከሆነ አጭሩን ይምረጡ፤ ካላ ሬአሌን በጂፑ ይደርሱበታል።

ኦገስትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ አይሂዱ። ደሴቱ ጥላ የለውም። እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ ራሱ ሙቀት ይተፋል። ኦገስት 15 የጣሊያኖች የፌራጎስቶ በዓል ስለሆነ በእሱ ዙሪያ ባሉት ሳምንታት ማረፊያም ጀልባም ጂፕም ይሞላል፤ ዋጋውም ይወጣል። ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ፍልሰታ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 22 ነው። እናትዎ እንደብዙዎቹ እናቶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምሱ ከሆነ፣ በዚያ ፀሐይ ላይ በባዶ ሆድና በደረቅ ጉሮሮ መዋል አደጋ ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጨርሶ አይታሰብም። የጉዞ ቀናቸውን ማሸጋሸግ ከተቻለ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ባሕሩ ገና ሙቅ ነው፣ ሰው ቀንሷል፣ ጀልባዎቹም ይሠራሉ። ቪዛው የግድ ኦገስት የሚል ከሆነ ከ22 በኋላ ያሉትን ቀናት ይምረጡ። በየትኛውም ወር ቢሆን ምግብና በቂ ውኃ ይዘው ይሂዱ። ደሴቱ ላይ ያለው ቡና ቤት መከፈቱንም፣ የጾም ምግብ መኖሩንም አይመኑ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ኮሎና ፍራፍሬ ቋጥረው ይውጡ።

ባሕር ዳር መዋሉን ከጉብኝቱ ጋር በአንድ ቀን አይቀላቅሉት። ጂፑ አንድ ቦታ ላይ ለመዋኛ ይቆም ይሆናል፤ ያ ይበቃል። ከደሴቱ ዳርቻዎች አንዳንዶቹ ለእንስሳትና ለዕፅዋት ጥበቃ ጨርሶ የተዘጉ ናቸው። አስጎብኚው «እዚህ አይወረድም» ካለ አይከራከሩ። ለመዋኘት ማግስቱን ይጠቀሙ። ስቲንቲኖ አጠገብ ላ ፔሎዛ የሚባል ነጭ አሸዋና ጥልቀት የሌለው ውኃ ያለው ዳርቻ አለ። እናትዎ እግራቸውን ነክረው ሊቀመጡበት የሚችሉት ዓይነት ነው። በበጋ የሚገባው ሰው ቁጥር ስለተገደበ ቦታ አስቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል። ፎጣ በቀጥታ አሸዋ ላይ ማንጠፍም ክልክል ነው፤ ከሥሩ ምንጣፍ ያስፈልጋል።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የማይጠይቀኝ፣ ግን ችግር የሚያመጣ ጉዳይ አለ። አያታቸው የተሠቃዩበትን ቦታ የሚያይ ሰው አንድ እፍኝ አፈር ወይም አንድ ጠጠር ይዞ መሄድ ይፈልጋል። ፍላጎቱ ይገባኛል፤ ግን አያድርጉት። በሰርዲኒያ ከባሕር ዳር አሸዋ፣ ጠጠርና ዛጎል መውሰድ ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ ያስቀጣል። ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ይፈተሻል። አዚናራ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ከመሬቱ ምንም ነገር አይነሳም። ጧፍ ማብራትና ዕጣን ማጨስም በበጋ ፈጽሞ አይሆንም። ቁጥቋጦው ደረቅ ነው፣ ነፋስ አለ፤ አንድ ብልጭታ ኮረብታውን ታነደዋለች። ጸሎቱን በቃል ያድርሱ። እናትዎ ነጠላቸውን ይያዙ፤ ለጸሎቱም ለፀሐዩም ይሆናል። አህዮቹን ደግሞ አትመግቧቸው። ትንንሽና ነጫጭ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰማያዊ ነው። ፀሐይ ስለሚያስቸግራቸው ከግድግዳ ጥግ ተጠግተው ይቆማሉ።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይኼ ነው። ዛሬ ለእናትዎ ደውለው ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ይጠይቁ፤ መልሳቸውን ይቅዱ። በዚህ ሳምንት ለሁለቱ መዝገብ ቤቶች ይጻፉ። ቀኑን ወደ መስከረም ያዙሩት፤ ካልሆነ ከፍልሰታ በኋላ ያድርጉት። ስቲንቲኖ ሁለት ሌሊት፣ በጂፕ አንድ ቀን፣ በጽሑፍ ቃል ከገባ አስጎብኚ ጋር። ከመዝገብ ቤቱ የሚመጣው መልስ ኖክራ ወይም ደናኔ የሚል ከሆነ አዚናራን ይሰርዙት። ምንም መልስ ካልመጣ ግን ይሂዱ። ስማቸው ባይገኝም አብረዋቸው የተጋዙት ሰዎች የወረዱበት ምድር ነውና፣ እናትዎ ማየት ይገባቸዋል። ማረፊያውን ሲይዙ ምድር ቤት ያለ ክፍል ይጠይቁ፤ ስቲንቲኖ ውስጥ ሊፍት የሌላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።